ክፍያ ያለፈበት የቤት ባለቤት፤ ከ1930ዎቹ የአሜሪካ ታሪክ የሚገኝ ትምህርት

ቤት በመያዣነት ተቀብሎ ገንዘብ በሚያበድር ድርጅት ውስጥ የሚሠራ ሁሉ በየጊዜው በጠረጴዛው ላይ የሚያገኘው አንድ ዓይነት መዝገብ አለ። ተበዳሪው ለሦስትና ለአራት ዓመት ሳያስተጓጉል ሲከፍል ይቆይና ድንገት አንድ ወር ያልፈዋል፤ ሁለተኛው ወር ይከተላል፤ የተጻፈለት ደብዳቤም መልስ አያገኝም። ከዚያ በኋላ መዝገቡ ወደ ሕግ ክፍል ይተላለፍና ጉዳዩ በሐራጅ ማስታወቂያ ይደመደማል። በዚህ አካሄድ ውስጥ ከሕግ ውጭ የሆነ ነገር ላይኖር ይችላል። ይሁን እንጂ ከመጀመሪያው ያለፈ ወር እስከ ሐራጁ ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ባለዕዳው ምን ሊያደርግ ይችል ነበር? አበዳሪውስ ምን ሊያደርግለት ይችል ነበር? ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጥያቄ በታሪክ መነጽር መመልከት ነው። ለዚህም የተመረጠው በ1930ዎቹ በአሜሪካ የደረሰው ሁኔታ ነው። ምክንያቱም በዚያ አገር፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ፣ በመቶ ሺሕ የሚቆጠሩ ቤተሰቦች በአንድ ጊዜ ክፍያ ስላለፋቸው፣ ሕግ አውጪው፣ ፍርድ ቤቱና አበዳሪው ሁሉም ለጥያቄው መልስ ለመስጠት ተገደዋል። ከዚህም በላይ ዛሬ በብዙ አገር የተለመደው በእኩል የወር ክፍያ ዋናውንም ወለዱንም አብሮ የማቃለል ዘዴ በአሜሪካ ውስጥ በሰፊው የተስፋፋው ከዚያ ችግር በኋላ ነው። ተለይቶ ካልተጠቀሰ በቀር የአሜሪካና የእንግሊዝ ዘመኖች የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የማስመለስ መብት አመጣጥ

የአሜሪካ የመያዣ ሕግ ሥሩ የእንግሊዝ ሕግ ነው። በጥንቱ የእንግሊዝ ሥርዓት ተበዳሪው ርስቱን ለአበዳሪው በስሙ ያዛውርለትና፣ በተወሰነው ቀን ዕዳውን ከከፈለ ርስቱ እንዲመለስለት ይዋዋላሉ። ቀኑ ካለፈ ግን፣ የዘገየው በአንድ ቀን ብቻ ቢሆንም እንኳ፣ ርስቱ ለዘለዓለም ያመልጠዋል፤ ርስቱም ከዕዳው እጥፍ የሚያወጣ ቢሆን ልዩነቱ ለአበዳሪው ይቀራል።

ይህን ጭካኔ ያለዘበው የርትዕ ፍርድ ቤት ነው። በ17ኛው መቶ ዓመት ፍርድ ቤቱ፣ መያዣ ማለት ለዕዳ ዋስትና እንጂ ሽያጭ አይደለም በማለት፣ ባለዕዳው ቀኑ ካለፈም በኋላ ዋናውን፣ ወለዱንና ወጪውን ከፍሎ ርስቱን ማስመለስ እንዲችል መፍቀድን የተለመደ ሥርዓት አደረገው። አበዳሪዎችም በበኩላቸው፣ «እስከ መቼ እንጠብቅ?» ብለው አቤት ስላሉ፣ ፍርድ ቤቱ የማስመለሻ ጊዜ ወስኖ፣ ያ ጊዜ ሲያልፍ መብቱ እንዲዘጋ ማዘዝ ጀመረ። እንግዲህ ሐራጅና የባለቤትነት መዝጊያ ትእዛዝ የተወለዱት ከዚህ ክርክር ነው። ክርክሩም ከዚያ ጀምሮ የሚያጠነጥነው በአንድ ነገር ላይ ነው፤ እርሱም ጊዜ ነው።

ብድሩ እንዴት ተበላሸ

በ1920ዎቹ በአሜሪካ ከተሞች ቤት የሚገዛ ሰው በአብዛኛው የሚበደረው ለአጭር ጊዜ፣ ይኸውም ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ነበር። በየጊዜው የሚከፍለው ወለዱን ብቻ ሲሆን፣ ዋናው ገንዘብ በውሉ ማብቂያ ቀን በአንድ ጊዜ ይጠየቃል። አበዳሪው የሚሰጠውም ከቤቱ ዋጋ ግማሽ ያህሉን ስለሆነ፣ ብዙዎች ጉድለቱን ለመሙላት ወለዱ ከፍ ያለ ሁለተኛ ብድር ይጨምሩ ነበር። የቁጠባና የሕንጻ ማኅበራት ግን ከዚህ ረዘም ላለ ጊዜ፣ ዋናውን ቀስ በቀስ በሚያቃልል ክፍያ ያበድሩ ነበር።

የዚህን አሠራር ወጥመድ በቁጥር ማሳየት ይቻላል። አንድ ሰው 3,000 ዶላር በ6 በመቶ ወለድ ለአምስት ዓመት ቢበደር፣ በወር የሚደርስበት ወለድ 15 ዶላር ብቻ ነው። ክፍያው ቀላል ይመስላል። ሆኖም አምስት ዓመት ሙሉ ሳያጓድል ከከፈለ በኋላ ዕዳው ያው 3,000 ዶላር ነው፤ አንድ ሳንቲም አልቀነሰም። ሰውየው የሚተማመነው ውሉ ሲያበቃ እንደገና በመበደር ነው። የቤት ዋጋ ሲጨምርና ባንኮች ገንዘብ ሲኖራቸው ይህ አያስቸግርም ነበር።

በጥቅምት ወር 1929 የአክሲዮን ገበያው ከወደቀ በኋላ ግን ሦስት ነገሮች አንድ ላይ መጡ። ሥራና ደመወዝ ጠፋ፤ የቤት ዋጋ ወደቀ፤ ባንኮችም ስለተጨነቁ ውል ማደስ አቆሙ። ስለዚህ ወለዱን አንድም ወር ያላሳለፈ ሰው እንኳ ዋናውን ገንዘብ በአንድ ቀን ክፈል ተብሎ ቤቱን የሚያጣበት ጊዜ ሆነ። በ1933 መጀመሪያ ላይ በቀን ወደ 1,000 የሚጠጉ ቤቶች በዕዳ ምክንያት ከባለቤቶቻቸው እጅ ይወጡ ነበር። ይህም ጥፋቱ የባለዕዳው ስንፍና ብቻ እንዳልነበረ ያስረዳል። የብድሩ አቀራረጽ ራሱ የችግሩ አካል ነበር።

መንግሥትም መጀመሪያ የሞከረው መፍትሔ አልሠራም። በሐምሌ 1932 በፕሬዚዳንት ሁቨር ዘመን የወጣው የቤት ብድር ባንኮች ሕግ አበዳሪ ድርጅቶችን በገንዘብ ለመደገፍ የታሰበ ነበር፤ በቀጥታ ለቤት ባለቤቶች ብድር እንዲሰጥም ፈቅዶ ነበር። ነገር ግን መመዘኛው ከመጥበቁ የተነሣ በአሥር ሺሕ ከሚቆጠሩት አመልካቾች መካከል ብድር ያገኙት በጣት የሚቆጠሩ ብቻ ሆኑ።

ገመድና ሕግ

ሕጋዊ በር ሲዘጋ ሕዝብ ሌላ በር ይፈልጋል። በገጠር ገበሬዎች በሐራጅ ቦታ ተሰብስበው፣ ሌላ ተጫራች እንዳይገባ በማስፈራራት፣ የጎረቤታቸውን ከብትና ዕቃ በሳንቲም እየገዙ ለባለቤቱ ይመልሱለት ነበር። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 በአዮዋ ግዛት ለማርስ በምትባል ከተማ፣ የመያዣ መሸጫ ትእዛዝ አልፈርምም ብለህ ማል የተባለው ዳኛ ቻርልስ ብራድሊ እሺ ባለማለቱ፣ ገበሬዎች ከችሎት ጎትተው አውጥተው በአንገቱ ገመድ አገቡለት። ዳኛው ከሞት ተረፈ፤ አገረ ገዢውም ወታደር አዘመተ። የሕግ ሰዎች ይህን ቀን ሊረሱት አይገባም፤ ጊዜ መስጠት የሚችል ሕግ ከሌለ ሕጉን የሚያስከብረው ሰው ራሱ አደጋ ላይ ይወድቃልና።

ጎረቤት ግዛት የሆነችው ሚኔሶታ ሌላ መንገድ መረጠች። አገረ ገዢው ፍሎይድ ኦልሰን በየካቲት 1933 የሐራጅ ሽያጮች እንዲቆሙ አዘዘ፤ ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ደግሞ የግዛቲቱ ምክር ቤት የመያዣ ዕዳ ጊዜ ማራዘሚያ ሕግ አወጣ። የሕጉ አሠራር ልንመረምረው የሚገባ ነው። ቤቱ በሐራጅ የተሸጠበት ሰው ቀድሞ የነበረው ማስመለሻ ጊዜ አንድ ዓመት ነበር። አዲሱ ሕግ ፍርድ ቤት ይህን ጊዜ እንዲያራዝም ፈቀደ፤ ነገር ግን ከግንቦት 1 ቀን 1935 ሊያሳልፍ አይችልም። ባለዕዳውም በነፃ አይቀመጥም፤ ቤቱ ሊከራይበት የሚችለውን ተገቢ ዋጋ ወይም ከዚያ ተመጣጣኝ የሆነውን ክፍል ለግብር፣ ለመድን፣ ለወለድና ለዋናው ዕዳ እንዲውል በየወሩ ይከፍላል። ዕዳው አልተሰረዘም፤ ወለዱም አልቆመም።

የዚህ ሕግ ዕጣ በአንድ ቤት ላይ ተፈተነ። ብሌይስዴል የሚባሉ ባልና ሚስት በሚኒያፖሊስ ከተማ 14 ክፍሎች ያሉት ቤት ነበራቸው፤ ከፊሉን እያከራዩ ይኖሩበት ነበር። ቤቱ ግንቦት 2 ቀን 1932 በሐራጅ ሲሸጥ፣ አበዳሪው ማኅበር ራሱ በ3,700 ዶላር ከ98 ሳንቲም ገዛው። ማስመለሻው ጊዜ ሊያበቃ ሲል ባልና ሚስቱ በአዲሱ ሕግ መሠረት አመለከቱ። ፍርድ ቤቱም በወር 40 ዶላር እንዲከፍሉ አድርጎ ጊዜውን እስከ ግንቦት 1935 አራዘመላቸው። አበዳሪው ግን የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ግዛቶች የውልን ግዴታ የሚያፈርስ ሕግ እንዳያወጡ ይከለክላል በማለት እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ተከራከረ።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጥር 8 ቀን 1934 አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ ሕጉን አጸና። ፕሬዚዳንቱ ዳኛ ቻርልስ ኢቫንስ ሂዩዝ እንዳስረዱት፣ አስቸኳይ ሁኔታ አዲስ ሥልጣን ባይፈጥርም ያለውን ሥልጣን ለመጠቀም ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ ሕጉም ጊዜያዊ በመሆኑ፣ ዕዳውን ባለመሰረዙና ለአበዳሪው ተመጣጣኝ ክፍያ በማስገኘቱ ከውል ጋር አይጣላም። በልዩነት የጻፉት ዳኛ ጆርጅ ሰዘርላንድ ግን፣ ያ የሕገ መንግሥት አንቀጽ የተጻፈው በትክክል በችግር ጊዜ ባለዕዳን ለመርዳት ሲባል ውል እንዳይጣስ ነው ብለው ተቃወሙ። የእርሳቸውም ክርክር በቀላሉ የሚታይ አይደለም፤ አበዳሪው ነገ ውሌ አይከበርም ብሎ ከፈራ ዛሬ አያበድርምና። የሚኔሶታ ሕግ የዳነው ለባለዕዳው ስላዘነ ብቻ ሳይሆን ምሕረቱን በልክ ስለሰፋው ነው። በዚያ ዘመን ከ20 የሚበልጡ ግዛቶች ተመሳሳይ የማራዘሚያ ሕጎች አውጥተዋል።

ብድሩን እንደገና መቅረጽ

ጊዜ ማራዘም ትንፋሽ ይሰጣል እንጂ የተበላሸውን ብድር አያስተካክልም። ይህን ሥራ የሠራው ሰኔ 13 ቀን 1933 በፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ፊርማ በጸደቀ ሕግ የተቋቋመው የቤት ባለቤቶች ብድር ኮርፖሬሽን ነው።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነበር። ክፍያ ያለፈበት ሰው ለኮርፖሬሽኑ ያመለክታል። የኮርፖሬሽኑ ገማቾች ቤቱን ይገምታሉ። አበዳሪው ከተስማማ ኮርፖሬሽኑ የዕዳውን ሰነድ ከአበዳሪው ተቀብሎ በምትኩ ቦንድ ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ የቤቱ ባለቤት ዕዳ ለኮርፖሬሽኑ ይሆናል፤ ብድሩም እስከ 15 ዓመት የሚደርስ፣ ወለዱ 5 በመቶ የሆነ፣ ዋናውንም በየወሩ የሚያቃልል ሆኖ እንደ አዲስ ይጻፋል። ያልተከፈለ ግብርና አስፈላጊ ጥገና በአዲሱ ብድር ውስጥ ሊጠቃለል ይችል ነበር። ብድሩ ከግምቱ 80 በመቶ፣ በገንዘብም ከ14,000 ዶላር አይበልጥም፤ ዋጋው ከ20,000 ዶላር የሚበልጥ ቤት አይስተናገድም። መጀመሪያ ላይ መንግሥት ዋስ የሆነው ለቦንዱ ወለድ ብቻ ስለነበረ አበዳሪዎች አመንትተው ነበር፤ በ1934 ለዋናው ገንዘብም ዋስትና ሲሰጥ ግን ማመንታቱ ቀነሰ።

ከላይ የተጠቀሰውን 3,000 ዶላር በዚህ አዲስ መልክ ብናሰላው በወር 23 ዶላር ከ72 ሳንቲም ይሆናል። ከቀድሞው 15 ዶላር ይበልጣል፤ ነገር ግን በ15 ዓመት መጨረሻ ዕዳ የሚባል ነገር አይኖርም። በ1939 ወለዱ ወደ 4 ከግማሽ በመቶ ዝቅ ሲልና ጊዜው እስከ 25 ዓመት እንዲራዘም ሲፈቀድ ደግሞ፣ ይኸው 3,000 ዶላር በ25 ዓመት ቢከፈል የወሩ ክፍያ 16 ዶላር ከ67 ሳንቲም ብቻ ነው። ይህም ማለት ከቀድሞው ወጥመድ ክፍያ ብዙም ሳይርቅ ቤቱን የራስ ማድረግ ተቻለ ማለት ነው።

ኮርፖሬሽኑ ወደ 1.9 ሚሊዮን የሚጠጋ ማመልከቻ ተቀበለ፤ በሰኔ 1936 ማበደሩን እስኪያቆም ድረስም ከ1 ሚሊዮን ለሚበልጡ ብድሮች ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሰጠ። አመልካቾቹ በአማካይ ከሁለት ዓመት በላይ ያልከፈሉ፣ ግብርም የተጠራቀመባቸው ነበሩ። በተራ የባንክ ሚዛን ቢመዘኑ ሁሉም የጠፉ ደንበኞች ይባሉ ነበር። የኮርፖሬሽኑ ባልደረቦች ግን ክፍያ ሲያልፍ ደብዳቤ ልከው ዝም አላሉም፤ ባለዕዳውን በቤቱ ድረስ እየሄዱ ሁኔታውን ያጠኑ፣ ክፍል እንዲያከራይ ወይም ሥራ እንዲያገኝ ያግዙ ነበር።

ይህም ሆኖ ሁሉም አልዳነም። ወደ 200,000 የሚጠጉ ቤተሰቦች፣ ማለትም ከአምስቱ አንዱ ያህል፣ በመጨረሻ ቤታቸውን ለኮርፖሬሽኑ አስረክበዋል። ይህን ቁጥር ሁለት ዓይነት ሰዎች በሁለት መንገድ ያነቡታል። አንዱ «አምስተኛው ክፍል ከጠፋ ሥራው ከሸፈ» ይላል። ሌላው ግን ያለ እርዳታው አምስቱም ሊጠፉ ይችሉ እንደነበር፣ አራቱ ግን እንደዳኑ ያስታውሳል። ሒሳቡ የሚያደላው ለሁለተኛው ነው፤ ኮርፖሬሽኑ በ1951 ሥራውን ሲዘጋ ለመንግሥት ኪሳራ ሳይሆን መጠነኛ ትርፍ አስረክቧልና።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ጥላ የሌለ አይደለም። ኮርፖሬሽኑ ከ1935 በኋላ የከተሞችን ሠፈሮች በአራት ቀለም የሚለይ ካርታ አዘጋጅቶ፣ ጥቁሮች የሚኖሩባቸውን ሠፈሮች ሁሉ በሚያሰኝ ደረጃ በቀይ አስቀልሟል። ኮርፖሬሽኑ ራሱ አብዛኛውን ብድር የሰጠው ከካርታዎቹ በፊት ሲሆን፣ ለጥቁር ባለቤቶችም አበድሯል። ሆኖም በ1934 የተቋቋመው የፌዴራል ቤቶች አስተዳደር በዋስትና አሰጣጡ የጥቁሮችን ሠፈሮች ለረጅም ዘመን ወደ ጎን ትቷቸዋል። እንግዲህ የምሕረት መሣሪያ የሆነው ግምትና መዝገብ የማግለያም መሣሪያ ሊሆን እንደሚችል ለሞያችን ሰዎች ማስጠንቀቂያ ነው።

ከዚያ ወዲህ

ይህ ትምህርት ከሰባ ዓመት በኋላ እንደገና አስፈልጓል። ከ2007 ጀምሮ በአሜሪካ የቤት ብድር ሲናጋ፣ በ2009 የወጣው የብድር ማሻሻያ ፕሮግራም የወር ክፍያን ከቤተሰቡ ጠቅላላ ገቢ ወደ 31 በመቶ ለማውረድ፣ ወለድን እስከ 2 በመቶ ለመቀነስና ጊዜውን እስከ 40 ዓመት ለማራዘም ፈቀደ። ከ3 እስከ 4 ሚሊዮን ቤተሰብ ይረዳል ተብሎ ታስቦ ነበር፤ በ2016 መጨረሻ አዲስ ማመልከቻ መቀበሉን ሲያቆም ግን ቋሚ ማሻሻያ ያገኙት ከታሰበው ቁጥር እጅግ ያነሱ ነበሩ። ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ የ1933ቱ ኮርፖሬሽን ዕዳውን ራሱ ገዝቶ ይወስን ነበር፤ የ2009ኙ ፕሮግራም ግን ውሳኔውን ለክፍያ ሰብሳቢ ድርጅቶች ፈቃድና የሰነድ አያያዝ ተወው። በመጋቢት 2020 በወረርሽኙ ጊዜ የወጣው ሕግ ደግሞ በፌዴራል መንግሥት የተደገፈ ብድር ላለበት ሰው እስከ 180 ቀን፣ ሲጠይቅም ለተጨማሪ 180 ቀን ክፍያ እንዲታገድለት ፈቅዷል። በዚህም ጊዜ ዕዳው ዘገየ እንጂ አልተሰረዘም።

በአሜሪካ ቤት የገዙ ወገኖቻችን ብዙዎች ስለሆኑ አንድ ነገር መጥቀስ ተገቢ ነው። ከ2014 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የፌዴራል ደንብ መሠረት፣ ክፍያ ሰብሳቢው በአጠቃላይ ክፍያው ከ120 ቀን በላይ ሳያልፍ ቤቱን ለማሸጥ እርምጃ መጀመር አይችልም። ይህ ጊዜ የተሰጠው ባለቤቱ ማመልከቻ እንዲያቀርብ ነው፤ ደብዳቤውን ሳይከፍቱ ማስቀመጥ ግን ያንን ጊዜ በራስ እጅ ማቃጠል ነው። «ቤትህን አድንልሃለሁ» ብሎ አስቀድሞ ገንዘብ የሚጠይቅም መታመን የለበትም።

በእኛ አገር ሕግ

ጥያቄው ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። ባላገሩ መሬቱን በወለድ አገድ ሲያስይዝ፣ አበዳሪው በወለዱ ፈንታ ፍሬውን እየበላ ይቆይና፣ ባለርስቱ ዋናውን ሲመልስ መሬቱ ይለቀቅለት ነበር። ቀን ያለፈበት ባለዕዳም ሽማግሌ ልኮ «ቀን ይጨመርልኝ» ማለቱ የኖረ ልማድ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም በቁጥር 3060፣ ዕዳው ሳይከፈል ቢቀር አበዳሪው የሕጉን ሥርዓት ሳይጠብቅ መያዣውን እንዲወስድ ወይም እንዲሸጥ አስቀድሞ የሚደረግን ስምምነት ዋጋ አሳጥቶታል። የእንግሊዙ የርትዕ ፍርድ ቤት ያሰበውም ይህንኑ ነበር። በ1990 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 97 ግን ለባንኮች የተለየ መንገድ ከፍቶ፣ በውላቸው መሠረት ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥተው መያዣውን በሐራጅ እንዲሸጡ ሥልጣን ሰጥቷል። አዋጁ ባንኮች ገንዘባቸው በረጅም ክርክር እንዳይታሰር ለማድረግ የታሰበ ነበር። ይሁን እንጂ ዳኛው ያመዛዝነው የነበረውን ሁሉ በ30 ቀን ውስጥ ማመዛዘን ያለበት የባንኩ ባልደረባ ሆነ ማለት ነው። ሥልጣኑ ሲሰፋ ኃላፊነቱም አብሮ ይሰፋል።

ማጠቃለያ

ከዚህ ሁሉ ታሪክ እንደምንረዳው፣ ክፍያ ያለፈበት የቤት ባለቤት ከሦስት ነገሮች አንዱን ሊጠይቅ ይችላል። አንደኛው ጊዜ ነው፤ ሥራ ያጣ ወይም የታመመ፣ ነገር ግን ተመልሶ ሊከፍል የሚችል ሰው የሚያሻው ይህ ነው። ሁለተኛው ብድሩን እንደገና ማስቀረጽ ነው፤ ገቢው ለዘለቄታው ቀንሶ ግን ያልጠፋ ሰው በረዘመ ዘመንና ባነሰ የወር ክፍያ ሊተርፍ ይችላል። ሦስተኛው በገዛ እጅ መሸጥ ነው፤ ሁለቱም የማይሆንለት ሰው ቤቱ በሐራጅ ሳይዋረድ በገበያ ዋጋ ሸጦ፣ ዕዳውን ከፍሎ፣ የተረፈውን ይዞ ይወጣል። ይህን ሦስተኛውን እንደ ሽንፈት መቁጠር ስሕተት ነው። ኮርፖሬሽኑ ሊያድናቸው ካልቻላቸው 200,000 ቤተሰቦች መካከል፣ ገዢ በሚገኝበት ጊዜ ቀደም ብሎ መሸጥ የተሻለ ዕድል ይሆንላቸው የነበሩ እንደማይጠፉ መገመት ይቻላል።

ሦስቱም የሚሠሩት ግን ጉዳዩ በጊዜ ሲነገር ነው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው። በመጀመሪያው ያለፈ ወር ገቢውንና ወጪውን በወረቀት ጽፎ፣ «ይህን ያህል እችላለሁ፣ ከዚህ በላይ አልችልም» ብሎ የሚመጣ ባለዕዳ ሦስቱም በሮች ክፍት ናቸው። በስድስተኛው ወር የሚመጣው ምናልባት አንዱን ብቻ ያገኛል። ከሐራጁ በኋላ የሚመጣው የሚያገኘው ሕጉ የተወለትን ብቻ ነው።

ነገር ግን ባለዕዳው በጊዜ እንዲመጣ የሚያደርገው የሚያዳምጠው ሰው መኖሩ ነው። ባለዕዳው ዝም የሚለው በአብዛኛው ስለሚያፍርና ቢናገርም የሚለወጥ ነገር የለም ብሎ ስለሚያምን ነው። ስለዚህ የማኅበራችን አባላት የሆንን ሁሉ፣ አንድ መዝገብ ወደ ሕግ ክፍል ከመላኩ በፊት፣ ተበዳሪውን ጠርተን ምን እንደደረሰበት መጠየቃችንን፣ ያለውን አማራጭ በሚገባው ቋንቋ መግለጻችንንና ይህንኑ በመዝገቡ ላይ ማስፈራችንን የሥራችን ደንብ ብናደርገው ይበጃል። ከዘጠና ዓመት በፊት ከአንድ ሚሊዮን በላይ የሆኑ «የጠፉ» ብድሮች እንደገና ሲቀረጹ፣ አብዛኞቹ ተከፍለው አልቀዋል።